ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው፦ ሞተርህን ለሁለት ሰው ረጅም ጉዞ እንዴት ታዘጋጃለህ?

ባለቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ከድሬ ወደ ሐረር በሞተር ስወስዳት ደንገጎ ላይ ወረደች። ልታርፍ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሚኒባስ ልትይዝ ነው። «አንተ በሞተርህ ና፤ ሐረር እንገናኛለን» አለችኝና ሄደች። ፈረስ መጋላ ስደርስ ቀድማኝ ደርሳ ሻይዋን ጨርሳለች።

እኔ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ወገቤ ደህና፣ እጄ ደህና። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያሰናዳው ፊት የሚቀመጠው ነው፤ ፍዳውን የሚያየው ከኋላ ያለው። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሩቅ አይደለችም። ከኋላ ሲሆኑ ግን ያቺ 55 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ የደረሱ ያህል ትረዝማለች።

የኔ ሞተር 150 ሲሲ የህንድ ነው፤ እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የሚነዳው ዓይነት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህችው ሞተር ላይ የተሞከረ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ «አንተ» እያልኩ ነው የማወራህ፤ ሴቶች «አንቺ» ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥ

ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ጥሩ ነጂ የሆነ ጓደኛህን ጥራና አንተ ከኋላ ተቀመጥ። ሰፈር ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ ደርሶ መመለስ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል፣ ዳገትም ቁልቁለትም ባለበት መንገድ ይንዳህ።

ስትመለስ ወረቀት አውጣና ያመመህን በቅደም ተከተል ጻፍ። የኔ ዝርዝር እንዲህ ነበር፦ መቀመጫ፣ ጉልበት፣ የምይዘው ነገር ማጣት፣ በመጨረሻ ደግሞ የቀኝ ባቴ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ሙቀት። ሥራውንም በዚሁ ቅደም ተከተል ሠራሁት። የአንተ ዝርዝር ሊለይ ይችላል። አጭር ሰው ጉልበቱ አይጨንቀውም፤ ረጅም ሰው ግን ጉልበቱ ብብቱ ሥር ይገባል።

በዚያው ክብደቱንም አስላ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የሚችሉት ነጂውን፣ ተሳፋሪውንና ዕቃውን ጨምሮ ከ130 እስከ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። የአንተን መመሪያው ላይ እይ። ሁለታችሁ ብቻ 140 ከሆናችሁ ሻንጣው ቤት ይቅር ማለት ነው።

ወንበሩ

ገንዘብህን የምታወጣበት ቦታ ቢኖር ይኼ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ለስላሳ ስፖንጅ ገዝቼ በላዩ ላይ አስጨመርኩ። ቤት ስንሞክረው ሶፋ ነበር። ሐረማያ ስንደርስ ስፖንጁ ተኝቶ ባለቤቴ የተቀመጠችው ፕላስቲኩ ላይ ነበር።

የሚያስፈልገው ጠንካራ ስፖንጅ ነው። ከቁርጥራጭ ተጠቅጥቆ የሚሠራው፣ በአውራ ጣትህ ስትጫነው ቀስ ብሎ የሚገባና ወዲያው የሚመለሰው። መጀመሪያ ስትቀመጥበት ይደርቅብሃል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ያው ራሱ ነው። ጥቅሙም ይኼው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንበሩን ከሞተሩ ላይ ፍታ። ልብሱን የያዙትን ስቴፕለሮች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ንቀል። አሁን የተሳፋሪውን ቦታ ከጎን ሆነህ እየው፤ የብዙዎቹ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ለዚህ ነው ፍሬን በያዝክ ቁጥር ሚስትህ ጀርባህ ላይ የምትለጠፈው፤ ፍቅር እንዳይመስልህ። በጠንካራው ስፖንጅ ከፊት በኩል ወፈር፣ ከኋላ በኩል ሳሳ አድርገህ ቦታውን ደልድለው። ለኔ ከፊት 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ 1 ሴንቲ ሜትር በቂ ነበር። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረግከው ተሳፋሪው ከጭንቅላትህ በላይ ይወጣና ነፋሱን ሁሉ ይጠጣል።

ልብሱን ግን ወዲያው አታሰፋ! አሮጌውን ልብስ በላዩ ላይ አልብሰህ በገመድ እሰረውና አንድ ቀን ንዳው። ያስጠላል፤ ሰው ይስቅብሃል። እኔ ሁለት ጊዜ ቆርጬ አስተካክያለሁ። ከተሰፋ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ ለሰፊው ልከፍል ነበር።

ልብሱን በተመለከተ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ላስቲክ ለድሬ ፀሐይ አይሆንም። ያንሸራትታል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ምጣድ ነው። ሸካራና ፈካ ያለ ቀለም ምረጥ። ስታቆመው ሽርጥ ጣል አድርግበት። ሽርጥ የሌለው የድሬ ወንድ የለምና ወጪ አይጠይቅም።

እግርና ልብስ

የተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ቀይረው። ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሞተሩን ንዝረት ግን ከእግር የሚከለክለው እሱ ነው። ማርሚታው መከለያው ካልተፈታበት ደህና። ከተፈታበት መልሰህ ግጠምለት። ባታቸው ላይ ክብ ጠባሳ ያለባቸውን ሰዎች ጠይቃቸው፣ ይነግሩሃል።

አሁን ስለ ሽቲ፣ ስለ ሰፊው የሴቶች ቀሚስ፣ እናውራ። የህንድ ሞተሮች በግራ በኩል የኋላ ጎማውን የሚሸፍን የብረት ፍርግርግ ይዘው ይመጣሉ። ህንዶች የሠሩት ሳሪ የለበሱ ሴቶች ወደ ጎን ዞረው ስለሚቀመጡ፣ ልብሱ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ነው። እዚህ ግን ልጆቹ «አያምርም» ብለው ይፈቱታል። ሽቲና ሳሪ ለጎማ አንድ ናቸው። ነጠላም፣ የሻሽ ጫፍም እንዲሁ። ፈትተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ግጠመው።

ለረጅም መንገድ ደግሞ ወደ ጎን መቀመጥ የለም። ከሽቲው ሥር ሱሪ፣ እግር ግራና ቀኝ። የሽቲውን ጫፍ ሰብስባ ጭኗ ሥር ታድርገው።

እጅና ጀርባ

ተሳፋሪ እጁን የሚያደርግበት ሲያጣ አንተን ያንቃል። የኋላው መያዣ ብረት እንዳይነቃነቅ አጥብቀው፤ ከሌለ ብየዳ ቤት አሠራ። ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) አሠርተህ ሣጥን ከጫንክበት፣ በሣጥኑ ፊት ላይ የስፖንጅ ትራስ ብታስለጥፍ የጀርባ መደገፊያ ሆነ ማለት ነው። ባለቤቴን ከሁሉም በላይ ያስደሰታት ይኼ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀይር ወደ ኋላ የምትወድቅ አይመስላትም።

ግን ሣጥኑ ውስጥ ከባድ ነገር አትክተት። ከኋላ ጎማው መሐል ወደ ኋላ የወጣ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። መሪው በእጅህ ላይ እንደ ወረቀት ሲቀልህ ይታወቅሃል። ውሃውንና መፍቻዎቹን ዝቅ አድርገህ በጎንና በጎን እኩል ጫን። ሣጥኑ ለጃኬትና ለቆሎ ነው።

ሞላ፣ ጎማ፣ ካቴና፣ መብራት

እነዚህ አራቱ አንድ ጠዋት ይበቃቸዋል።

የኋላ ሞላው ሥር ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ከሞተሩ ጋር በመጣው መንጠቆ መሳይ መፍቻ ሁለት ደረጃ አጠንክረው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን።

ጎማውን ጠዋት ሳትነዳው፣ ፀሐይም ሳታገኘው ለካው። እንደ ኔ ባሉ ሞተሮች ላይ የኋላው ብቻህን ስትሆን 28፣ ለሁለት ስትሆኑ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ የአንተን መመሪያው ይነግርሃል። በእጁ ጫን ጫን አድርጎ «በቂ ነው» የሚል ጎሚስታ አትመን። ሁልጊዜ በጌጅ።

ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ለብቻው ሳይሆን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁበት፣ ሦስተኛ ሰው ይመልከተው። ሞላው ሲጫን ካቴናው ይወጠራል። ባዶውን ልክ የነበረው፣ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት እንደ ክራር ክር ሊሆን ይችላል። ያኔ ኩሽኔታውን ይበላል።

ፓውዛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ኋላው ዝቅ ሲል ፊቱ ቀና ይላል፤ መብራትህ አስፓልቱን ትቶ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ማታ ብቻህን ተቀምጠህ ግድግዳ ላይ አብራና የብርሃኑን ጫፍ በጠመኔ አስምር። ከዚያ ተሳፋሪህን ከነሻንጣው አስቀምጠህ፣ ብርሃኑን እስከ መስመሩ ድረስ አውርደው።

ደንገጎ

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ደንገጎ ስትደርስ ከ2,000 ሜትር አልፈሃል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በዚያ ላይ ሁለት ሰው አለ። ስለዚህ ሞተሩ ቢያቃስት አልተበላሸም። ማርሽ ቀንስና ታገሥ። ዘወትር ሁለት ሆነህ ዳገት የምትወጣ ከሆነ የፊተኛውን ኮሮና (ካቴናውን የሚያዞረውን ጥርሳም ብረት) አንድ ጥርስ ባነሰ ቀይረው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ይቀንስብሃል፣ ዳገቱን ግን ይወደዋል።

ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራው። የወጣህበት ማርሽ የምትወርድበት ማርሽ ነው። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) እንዳትለቀው። የኋላ ፍሬንህ የሸራ (ድራም) ከሆነ፣ ረግጠህ ከያዝከው ይግላል፤ ሲግል ደግሞ አይዝም። ሁለት ሰው ሲሆን ከምትገምተው ቀድሞ ይግላል። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ከመነሳትህ በፊት የሸራውን ውፍረት አስፈትሽ።

የጫት መኪና ከኋላ ከመጣ መንገዱን ልቀቅለት። ቀጠሮ አለው፤ ከሱ ጋር እልህ አትጋባ። የጫት ገበያዋ አወዳይ ስትደርስ ደግሞ በእግር ፍጥነት ነው።

ምልክት ተስማሙ

ሄልሜት አድርጎ መጮህ ዋጋ የለውም። የኛ ምልክት ቀላል ነው፦ አንድ ጊዜ ጭኔን መታ ስታደርግ «ቀስ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «አቁም»። ለምን ብዬ አልጠይቅም፤ አቆማለሁ። ማጠፊያ ላይ ወደ ውጪ እንዳትጋደል፣ በምንታጠፍበት በኩል በትከሻዬ ላይ አሻግራ እንድትመለከት ነግሬያታለሁ። ሄልሜቶቻችሁ በየፍሬኑ እየተጋጩ ካስቸገሩ፣ ወይ አንተ ፍሬን በድንገት ትይዛለህ ወይ ወንበሩ ገና አልተስተካከለም።

ጃኬት ለሁለታችሁም ያዙ። ድሬ ላይ ስትነሱ ያስቃል። በክረምት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ ደንገጎ ላይ ጉም ሲያገኛችሁ ግን አያስቅም። ከኋላ ያለው ሰው እጁ ሥራ ስለሌለው ከነጂው ቀድሞ ይበርደዋል።

ሙከራው

የመጀመሪያውን ጉዞ አጭር አድርገው። እኛ ከድሬ በጠዋት ተነስተን ደንገጎ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ሐረማያ ላይ ሌላ አሥር ደቂቃ አረፍን። ባይደክማችሁም ውረዱና ተራመዱ። ሐረር ጁገል ውስጥ በሞተር አትግቡ፤ መተላለፊያዎቹ ለእግር የተሠሩ ናቸው።

በዚያኛው ጊዜ ፈረስ መጋላ አብረን ደረስን። ፈጢራ በልተን ሻይ እየጠጣን ባለቤቴ «ባቢሌ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለችኝ።

«ሠላሳ ቢሆን ነው።»

«አቦ፣ ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

12 ቁጥር ቁልፌን አውጥቼ የፖርቶመጋላውን ብሎኖች ሞከርኩ። አዲስ የተገጠመ ነገር ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁልጊዜ ይላላል። ከአራቱ ሁለቱ በጣት ይዞሩ ነበር።