ክረምቱን በገጠር ትምህርት ቤት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በበጎ ፈቃድ ንባብ ለማስተማር

ከውጭ አገር፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተነስቶ «ክረምቱን ገጠር ላገልግል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ዕቅድ ከጊዜው ይሰፋል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ችግኝ ተከላ፣ ሁሉም በአንድ ክረምት። አምስት ሳምንት የሚበቃው ለአንድ ሥራ ነው። የእኛ ምርጫ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ደርሰው ገና ያላነበቡ ልጆችን ማስነበብ ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከሳይንሱም ከሒሳቡም መጽሐፍ ምንም አያገኝም፤ ክፍል በተቀየረ ቁጥርም ወደ ኋላ መቅረቱ ይብሳል።

አብሯችሁ የሚያስተምር ሰው

በክረምት የገጠር መምህራን አይኖሩም። ገሚሱ ቤተሰቡ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፣ ገሚሱ የክረምት ትምህርት ይማራል። ግቢው ውስጥ የምታገኙት ተረኛ መምህርና ጥበቃ ነው። ስለዚህ «ከመምህራኑ ጋር እንሠራለን» ብሎ መነሳት በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ አይሆንም።

አጋራችሁ የቀበሌው ልጅ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከቤቱ እየመጣለት 9ኛ ወይም 11ኛ ክፍል የሚማር፣ ክረምቱን ወላጆቹ ዘንድ የሚያሳልፍ ወጣት። ለ90 ልጆች ሦስት በጎ ፈቃደኞችና ስድስት የቀበሌ ወጣቶች ያስፈልጋሉ። ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ሴት ልጆቻቸውን ለመላክ የሚያመነቱ ወላጆች በዚህ ይረጋጋሉ። እናንተ ስትሄዱ ሥራው የሚቀረው በእነዚህ ወጣቶች እጅ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠመኔውን እነሱ ይያዙ። እናንተ ከኋላ ቆማችሁ እዩ፤ የምታርሙትን ከክፍል በኋላ፣ ልጆቹ በሌሉበት ንገሯቸው።

ደብዳቤውና ቅሬው

ሥራው የሚጀምረው በግንቦት ነው። መጀመሪያ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ (ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ ተሁለደሬ፣ ኩታበር፣ የመረጣችሁት የትኛውም ቢሆን)። በከተማ አስተዳደር ሥር ላለ የገጠር ቀበሌ ደግሞ የከተማው ትምህርት መምሪያ ነው የሚመለከተው። ደብዳቤው የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ሰው፣ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ ለጉድኝት ማዕከሉ (አጎራባች ትምህርት ቤቶችን ለሚያስተባብረው) ሱፐርቫይዘር፣ ለርዕሰ መምህሩና ለቀበሌ አስተዳደሩ ግልባጭ ይደረግ። ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ እያንዳንዳችሁ ያዙ። ርዕሰ መምህሩን ብቻ አነጋግሮ መግባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰኔ ላይ ቢዛወር ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ያስገባችኋል። ቢጫ ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ክፍል ውስጥ መቆም የለበትም፤ ፈቃዱን አስቀድሞ በሕጋዊ ተቀባይ ድርጅት በኩል ይጨርስ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። የምትሄዱበት ቀበሌ የዛሬ ሁኔታ የሚታወቀው ከዚያው ካለ ሰው ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ደውላችሁ ጠይቁ። «ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ፤ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ።

ከወረቀቱ እኩል የሚያስፈልገው የሰዉ ይሁንታ ነው። በወሎ ዕድሩ ቅሬ ነው፤ የቅሬው ሰብሳቢ የተናገረው ከማስታወቂያ ይበልጣል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን እንዲነገርላችሁ ሼሁንም ቄሱንም በየተራ ቀርባችሁ ለምኑ። አንዱን ብቻ አነጋግሮ መሄድ የግማሹን ቀበሌ ልጅ ያስቀራል።

መቼ

ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፣ ያርማሉ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ትምህርቱ ከጧቱ 2፡30 እስከ 5፡00 ይሁን። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። የአካባቢው ገበያ የሚቆምበትን ቀን ዝለሉት፤ ያን ዕለት ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። ዓርብ ዕለት ከ5፡00 አትለፉ።

የነሐሴን ነገር አስቀድማችሁ አስሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፤ ክርስቲያን በሚበዛበት ቀበሌ ልጆቹ ጾመው ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፣ ክፍሉ ይሳሳል። እዚያ ከሰኔ 26 ግድም ጀምራችሁ በሐምሌ ማለቂያ ጨርሱ። ሙስሊም በሚበዛበት ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 15 መሄድ ይቻላል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ አቅጣጫ ከሆናችሁ ደግሞ ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩ ጠይቁ። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ በአማርኛ ፊደል ክረምቱን ቢያሳልፍ ለክፍሉ አይጠቅመውም፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይሂድለት።

የሚገዛው ዕቃ

ለ90 ልጆች፦ 90 ደብተር ባለ 50 ገጽ፣ 180 እርሳስ፣ 10 መቅረጫ፣ 15 ላጲስ፣ 5 ፓኮ ነጭ ጠመኔ፣ 6 ጥቁር ማርከር፣ 60 ሉህ ጠንካራ ኤፎር ወረቀት፣ 6 ጥቅል ሰፊ ስኮች። ሁሉም ደሴም ኮምቦልቻም ይገኛል። እርሳሱን ለልጆቹ ወደ ቤት አትስጡ፤ በየቀኑ ተቆጥሮ ይውጣ፣ ተቆጥሮ ይግባ።

ከውጭ በካርቶን የሚላክ ያገለገለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አታምጡ። ለ2ኛ ክፍል ልጅ አይሆንም፤ ለጭነትና ለጉምሩክ የወጣው ገንዘብ በአገር ውስጥ የታተመ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢገዛበት ይሻላል።

ፊደሉ ካርድ ይሠራበታል። አንዱ ሉህ ለስምንት ይቆረጣል፣ ፊደሉ 5 ሴንቲ ሜትር ግድም ከፍታ ኖሮት በማርከር ይጻፋል፣ ሁለቱም ገጽ በስኮች ይለበጣል። ስኮቹን ለማትረፍ አትሞክሩ፤ ወለሉ አፈር ነው፣ ልጆቹ በዝናብ ይመጣሉ፣ ያልተለበጠ ካርድ በሳምንቱ ጭቃ ሆኖ ያልቃል። ሙሉው ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ካርድ ነው፤ 29 ሉህ ይወስዳል። ከእሱ ሌላ የበ፣ የለ፣ የመ፣ የተ፣ የነ እና የረ ቤተሰቦችን ብቻ የያዘ ባለ 42 ካርድ ጥቅል በአራት ቅጂ ሥሩ፤ 21 ሉህ ነው። የቀረው 10 ሉህ ለሚበላሽ።

ሰሌዳው

ብዙ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ነጥቶ ወይም ተልጦ ከሦስተኛው ረድፍ አይነበብም። 1.20 በ2.40 ሜትር ለሆነ ሰሌዳ ሁለት ዙር ለመቀባት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ የሰሌዳ ቀለም ይፈጃል፤ አንድ ጋሎን ለሦስት ክፍል በቅቶ ይተርፋል። መጀመሪያ በውሃ ታጥቦ ይድረቅ፣ ስንጥቁ በስቱኮ ይሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ አቧራው ይጠረግ። ከዚያ አንድ ዙር ቀብታችሁ ሙሉ ቀን ጠብቁ፣ ድገሙት። በክረምት እርጥበት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ በማግሥቱ ከተጻፈበት ይላጣል። ሦስት ቀን ተዉት።

ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ ጠመኔ በጎኑ ይዛችሁ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አሹት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጥላ ይታያል። የድሮ ባትሪ ድንጋይ ፈልጦ ጥቁሩን መቀባት በየቦታው ይታያል፤ ልጆች የሚነኩት ነገር ስለሆነ ይቅር።

ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በደረጃ መመደብ

ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ልጅ የሚመደበው በዕድሜው ወይም በክፍሉ ሳይሆን በሚያነበው መጠን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ ከሌሎቹ ጆሮ ራቅ ብሎ ይጠየቅ። ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሦስት ጠያቂዎች 90 ልጆችን በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሳሉ።

ከአንቀጹ ጀምሩ፤ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች። ሳይደናቀፍ ካነበበ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው ታሪክ ስጡት። አንቀጹ ከከበደው ወደ ቃላት ውረዱ፤ ከአምስት ቃል አራቱን ካነበበ ደረጃው ቃል ነው። ካልቻለ ፊደል፤ ከአምስት አራቱን ከለየ ደረጃው ፊደል ነው። ካልለየ ጀማሪ ነው። ጀማሪና ፊደል አንድ ቡድን፣ ቃል አንድ ቡድን፣ አንቀጽና ታሪክ አንድ ቡድን ይሁኑ።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ»ን በዜማ ያወርዳል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አያይም። በጣቱ እያመለከተ ጣቱ ወደ «ሙ» ሲደርስ አፉ «ማ» ላይ ነው። ስለዚህ ፊደሉን በተርታ አትጠይቁ። ካርዱን በውዝ አንሱ፤ መጀመሪያ «ት»፣ ከዚያ «ሬ»፣ ከዚያ «ቡ»።

ፊደልና ቃል የሚሰጥበት መንገድ

ፊደልን ከሀ እስከ ፐ እየጠበቁ መውረድ ለአምስት ሳምንት አይሆንም። በስድስቱ ቤተሰቦች ጀምሩ፤ ላም፣ በሬ፣ ማር፣ ነብር፣ ተራራ፣ ተማሪ፣ መብራት ሁሉም ከእነሱ ይወጣሉ። ልጁ በሁለተኛው ቀን «ላም» ብሎ ሲያነብና በረቱ ያለችውን ላም ሲያስብ ፊደል ዜማ መሆኑ ያበቃል።

ልጆቹ የሚቸገሩት ሳድስ (ስድስተኛው ፊደል) ላይ ነው። ካዕብ (ሁለተኛው) ደንብ አለው፤ ከ«ሩ»ና ከ«ፉ» በቀር ትንሿ ቅጥያ በቀኝ በኩል ትወጣለች፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ። ሳድስ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይጣመማል፦ ል፣ ም፣ ር፣ ት። በዚያ ላይ በቃል መጨረሻ ድምፁ ይዋጣል። «ላም»ን «ላ-ምእ» ብሎ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን አውቋል፣ ማጣመሩን አላወቀም። ሁለቱን ካርዶች ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ እያስጠጋችሁ ድምፁን አብራችሁ አፍጥኑ፣ ካርዶቹ ሲነካኩ ቃሉ አንድ ጊዜ ይነገር። የቀበሌው ወጣቶች ይህን በአንድ ጧት ይለምዱታል።

የሁለት ሰዓት ተኩሉን ጊዜ እንዲህ ክፈሉት፦ 20 ደቂቃ ሁሉም አንድ ላይ ተረት መስማት፣ 50 ደቂቃ በየቡድኑ ንባብ፣ 15 ደቂቃ እረፍት፣ 40 ደቂቃ ጽሕፈት፣ 25 ደቂቃ የካርድ ጨዋታ። ዝናቡ በጧት ከወረደ ቆርቆሮው ከሁሉም ድምፅ ይበልጣል፤ መጮኽ ዋጋ የለውም። ያኔ ጽሕፈቱንና ካርዱን አስቀድሙ፣ ንባቡን ለኋላ አቆዩ። ደመና ሲከብድ ክፍሉ ይጨልማል፤ አግዳሚዎቹን ወደ መስኮት አስጠጉ።

ዕለታዊ ኑሮ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ግድም ናችሁ፤ ከ2,000 በታች ወባ አለ፣ አጎበር ይዛችሁ እደሩ። ሐረጎ በክረምት ጉም ይለብሳል፤ ከጨለመ በኋላ አትጓዙ። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው የበጋ መንገድ በሐምሌ ስለማያስገባ ዕቃውን በሰኔ መጀመሪያ አድርሱ።

ቤት ያሳደራችሁን ሰው አታስቸግሩ፤ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዛችሁ ግቡ፣ የምግቡን ወጪ በግልጽ ተነጋግራችሁ ሸፍኑ። ሥጋ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም።

ልጅን ለብቻው ዝግ ክፍል ውስጥ ይዞ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አይነሳም። ከረሜላና ብር ማደል ልጆቹን ለመለመን ያስለምዳል፤ ካርዱን ትተው እጃችሁን ማየት ይጀምራሉ።

ግንባታ የሚመኝ ካለ ክረምት ጊዜው አይደለም። ጭቃው አይደርቅም፣ ጭድም ገና አልተገኘም። ከመኸር በኋላ፣ በጥር፣ ቀበሌው ደቦ ሲጠራ ያግዝ።

የመጨረሻው ሳምንት

ልጆቹን በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ በሌላ ቃላትና በሌላ አንቀጽ ጠይቋቸው። ጠያቂዎቹ የቀበሌው ወጣቶች ይሁኑ። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ የበፊት ደረጃ፣ የአሁን ደረጃ በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ አንድ ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንድ ለሱፐርቫይዘሩ። ያልተለወጡትም ይጻፉ፤ መስከረም ላይ መምህሩ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

ካርዱ፣ ቀለሙ፣ የተረፈው ደብተር በንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ። ያልተመዘገበ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ በመጀመሪያው ወር ይበተናል። ባለ 42ቱን ካርድ ሁለት ጥቅል ግን ስድስቱ ወጣቶች ፈርመው ይረከቡ፤ መስከረም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት እሑድ እሑድ ልጆቹን ለሚሰበስቡበት።