ኪዮቶ የምትሄዱ ከሆነ ጫማችሁን አስቡበት

ጃፓን፣ ኪዮቶ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ። ብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ጫማ ይወለቃል፣ በቀን አራት አምስት ቦታ ስትዞሩ መፍታትና ማሰሩ ያማርራል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ማውለቅ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን የተቀደደ ካልሲ እንዳታደርጉ! ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሆነ ደግሞ ወለሉ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል፣ ወፈር ያለ ካልሲ ያዙ። ኒጆ የሚባለው የድሮ ግንብ ውስጥም ጫማ ይወለቃል። እዚያ ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብላችሁ ተራመዱና አዳምጡ፣ ከሥር ያሉት ብረትና ሚስማሮች ሲፋተጉ ወለሉ እንደ ወፍ ይንጫጫል።

ፉሺሚ ኢናሪ፣ ያ ቀያይ በሮች የተደረደሩበት ቤተ መቅደስ፣ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ መግቢያም አይከፈልም። ስለዚህ ገና ሲነጋ ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ከደረሳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር ባቡር 5 ደቂቃ ያህል ነው፣ ግን በየጣቢያው የሚቆመውን ያዙ፣ ፈጣኑ መውረጃችሁን ኢናሪ ጣቢያን ዝም ብሎ ያልፋል። በሮቹ ጋ ግፊያ ካለ ወደ ተራራው መውጣታችሁን ቀጥሉ፣ አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ስለሚመለስ ከላይ ፀጥ ይላል።

የከተማ አውቶቡስ ላይ በኋላ በር ገብታችሁ ስትወርዱ ከሹፌሩ ጎን ትከፍላላችሁ፣ ሳጥኑ መልስ ስለማይሰጥ ዝርዝር ሳንቲም ያዙ። ጊዮን የሚባለው የኪዮቶ ሰፈር ውስጥ ደግሞ የግል ቅያሶች አሉ፣ ምልክት ካያችሁ አትግቡ፣ ቅጣቱ 10,000 የን ነው።