ከድህነት ወለል በታች ስንት ሰው አለ? ቁጥሩን ከመቀበልዎ በፊት የሚጠይቁት

በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕዝብ ድሃው 23.5 በመቶ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት በተሰበሰበ ሌላ መረጃ የተሠራ ስሌት ደግሞ 83.5 በመቶ ነው አለ። አንዱን የያዘ ሌላውን የያዘውን ውሸታም ሲለው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያን ዓመት መጠይቅና ሚዛን ተሸክመው በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት ለቤት ከሚዞሩት መረጃ ሰብሳቢዎች አንዷ ነበርኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደመጡና እንዴት እንደሚነበቡ የማውቀውን ልንገርዎ።

ከመቶኛው በፊት ምን እንደተለካ ይጠይቁ። 23.5 በመቶ የሚለው ቁጥር የወጣው ቤተሰቡ ከሚበላውና ከሚገለገልበት ነው። ገበሬን «በወር ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም፤ እህሉ ጎተራ ውስጥ ነው፣ በጉም የሚሸጠው ልጅ ሲታመም ወይም የግብር ቀን ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ሞሰብ ላይ የቀረበው ነው፤ ከራሱ ማሳ የመጣውም በገበያ ዋጋ ይተመናል።

አንድ ቤት አይረሳኝም። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አልናገርም፤ ምስጢራቸውን ልንጠብቅ ቃል ገብተንላቸዋል። እማወራዋን እትዬ እላቸው ነበር። «ትናንት ምን ተበላ?» ስላቸው «ምን ይበላል ልጄ፣ ያው የገብስ እንጀራና ሽሮ» አሉኝ። የእኔ ሥራ በዚህች «ያው» ላይ መቆም ነበር። ሽሮው ስንት ነው? አንድ ኩባያ። የትኛው ኩባያ? አመጡልኝ፤ በሽሮ ዱቄት ሞልቼ መዘንኩት። የገብሱ ዱቄት የተሰፈረው በጣሳ ነው፤ ጣሳው ተቆልሎ ነው ወይስ አፉ በእጅ ተጠርጎ? በመቆለልና በመጥረግ መካከል ያለችው እፍኝ ዱቄት በዓመት ስትባዛ አንድን ቤተሰብ ከወለሉ በላይ ልታወጣው ወይም ከበታቹ ልታስቀረው ትችላለች። በሁዳዴ የገባ መረጃ ሰብሳቢና በፋሲካ ሳምንት የገባ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያየ ኑሮ ያያሉ። የ2008ቱ ጥናት ዓመቱን ሙሉ መካሄዱም ስለዚህ ጠቅሟል። ሁለት ጥናቶች ሲነጻጸሩ ካዩ በየትኞቹ ወራት እንደተሰበሰቡ ይመልከቱ።

ሌላም ነገር አለ። ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የተባለበት። የእርዳታ ስንዴ የበላ ቤተሰብ ስንዴው እንደ ምግቡ ይቆጠርለታል። እርዳታው ባይደርስ ኖሮ ከወለሉ በታች ይወድቅ የነበረ ሰው በሠንጠረዡ ላይ ድሃ ሳይባል ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ግን ይህን ሰው ራሱን ችሏል ብለው አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ወለሉ እንሂድ፤ አንድ ሰው በዓመት ቢያንስ ያስፈልገዋል የተባለው ወጪ ማለት ነው። ወለሉ የሚሰላበት የመጀመሪያው የምግብ ዝርዝር፣ ቅርጫት የሚሉት፣ የተዘጋጀው በ1988 ዓ.ም. ጥናት ነው። ኑሮው ዝቅ ያለው ግማሹ ሕዝብ የሚመገባቸው የምግብ ዓይነቶች ተወስደው፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ እንዲሰጡ መጠናቸው ተስተካክሎ በዋጋ ተተመኑ። ለልብስ፣ ለመጠለያ፣ ለሕክምናና ለመሳሰለው የሚሆን ተጨመረበት። ድምሩ በዓመት 1,075 ብር ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 648 ብሩ ለምግብ ነው። በ2003 ይኸው ቅርጫት በጊዜው ዋጋ ሲተመን 3,781 ብር ወጣ። የ2008ቱ ወለል 7,184 ብር ነበር፤ ለምግብ 3,772።

እንዲህ ያለ የዓመት ቁጥር ሲያዩ ለ365 ያካፍሉት። 7,184 ብር በቀን 19 ብር ከ68 ሳንቲም ነው፤ የምግቡ 10 ብር ከ33 ሳንቲም። በዚህ ገንዘብ አንድ አዋቂ ቁርሱን፣ ምሳውንና እራቱን ይበላል ተብሎ ታስቧል። በቀን 20 ብር የዋለበት ሰው ደግሞ ድሃ አልተባለም። እኔ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው እላለሁ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብለው የተመዘገቡ ቤቶች ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ልጅ ደብተር ሲጠይቅ እናት ዓይኗን ወደ መሬት ስትሰብር አይቻለሁ።

የራስዎን ቤት ሲያሰሉ አንድ ስህተት ይጠብቅዎታል። 7,184 ብር ለአንድ አዋቂ ነው፤ ሕፃን እንደ አዋቂ አይቆጠርም። እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት አምስት ነፍስ ቢሆንም በአዋቂ ልክ ሲቆጠር ለምሳሌ 3.8 ሊሆን ይችላል። በ3.8 ቢያባዙት የቤቱ ወለል 27,299 ብር ነው፤ በአምስት ቢያባዙት 35,920 ይሆንና ድሃ ያልተባለውን ቤት ድሃ ያደርጉታል።

የእትዬ ቤት በእኔ ግምት ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ በሌላው መለኪያ፣ ዘርፈ ብዙ ድህነት በሚባለው፣ እንየው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጡት ነው፤ 83.5 የተባለው ከዚህ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. መረጃ ወደ 68.7 ወርዷል። ብር አይቆጥርም። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ የሚሉ ሦስት ዘርፎችና አሥር ጥያቄዎች አሉት። የጤናና የትምህርት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ18 ሦስት ነጥብ ይይዛሉ፣ የኑሮ ሁኔታዎቹ ስድስት ጥያቄዎች አንድ አንድ። የጎደለበት ድምር ስድስት የደረሰ ቤት ድሃ ነው።

እትዬ የሚያበስሉት በኩበት ነው፤ አንድ። የቤታቸው ወለል በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው፤ ሁለት። መብራት የላቸውም፤ ሦስት። መጸዳጃ ቤት የላቸውም፤ አራት። ምንጩ ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል፤ አምስት። ሬዲዮና ስልክ ስላላቸው በንብረቱ ጥያቄ አለፉ። በጤናው በኩል የጎደለ የለም ብንል እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፦ ከቤቱ ስድስት ዓመት የተማረ ሰው አለ? ታላቋ ልጅ ያቋረጠችው ከአምስተኛ ክፍል ነው። ሦስት ነጥብ ተጨምሮ ስምንት ሆነ፤ ቤቱ ድሃ ነው። ስድስተኛን ጨርሳ ቢሆን ኖሮ በአምስት ቀርቶ ድሃ አይባልም ነበር። እንግዲህ በአንደኛው መለኪያ ያለፈው ቤት በሁለተኛው ወደቀ፤ ሞሰቡም ኩበቱም ያው ናቸው። ሰው በ23.5 ሲከራከርዎ ስለ ሞሰቡ፣ በ83.5 ሲከራከርዎ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ትምህርት እየነገረዎ መሆኑን ይረዱ።

የዶላሩን ወለል በሚመለከት ባጭሩ፦ የዓለም ባንክ መስመር በቀን 1.90 ዶላር ነበር፣ ከዚያ 2.15 ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 3 ዶላር ከፍ አለ። መስመሩ ከፍ ሲል ድሃው የጨመረ ይመስላል፤ ማንም ግን ያን ቀን የተለየ ምሳ አልበላም። ይህ ዶላር የባንክ ዶላር እንዳልሆነም ያስተውሉ። የሚሰላው በመግዛት አቅም ነው፤ በአገር ቤት ዋጋ ስንት እንጀራ ይገዛል በሚለው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዚያን ጊዜውን 2.15 ዶላር በዕለቱ ምንዛሪ እያባዙ የድሃውን ብዛት የሚያወጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንዲህ አያድርጉ።

መቶኛው የሚደብቀው አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከ1997 እስከ 2003 የድሃው ድርሻ ከ38.7 ወደ 29.6 በመቶ ወረደ፤ ደስ ይላል። ይህን በያዘው ሪፖርት ግን የድህነቱ አስከፊነት መለኪያ፣ ከወለሉ በጣም ለራቁት ይበልጥ ክብደት የሚሰጠው፣ ከ0.027 ወደ 0.031 ከፍ ብሏል። ለወለሉ ቀርበው የነበሩት ተሻገሩ፤ ከታች የነበሩት ይበልጥ ሰመጡ። ሪፖርት ሲያገኙ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ አይቁሙ፤ ጥልቀት (ድሃው ከወለሉ ምን ያህል እንደራቀ) እና አስከፊነት የሚሉትን ዓምዶች ይፈልጉ። ያልተቆጠረውንም ይጠይቁ። የ2003ቱ ጥናት በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አርብቶ አደር የሚበዛባቸውን የተወሰኑ ዞኖች አልጨመረም። እንዲህ ያለው የቤተሰብ ጥናት የሚያንኳኳው በር ስለሆነ በረንዳ አዳሪን አያገኘውም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራም የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ መቶኛው ወደ ሰው ቁጥር ሲለወጥ የሚባዛው በግምት ነው።

ይህን ሁሉ በእጅዎ መሞከር ከፈለጉ ሰባት ቀን ይበቃል። ደብተርና የወጥ ቤት ሚዛን ያዘጋጁ። ወደ ድስትና ወደ ምጣድ የገባውን በሙሉ መዝነው ይጻፉ፤ ዘይቱን፣ ጨውን፣ ቡናውን ሳይቀር። ከዘመድ የተላከልዎትንም በአካባቢዎ ገበያ ዋጋ ይተምኑ፤ ማገዶ፣ የወፍጮ፣ የዕድርና የታክሲ ለብቻ ይሁን። የምግቡንና የሌላውን ወጪ ድምር ለሰባት፣ ቀጥሎም ለቤተሰብዎ የአዋቂ ልክ ያካፍሉ። ካገኙት ጋር የሚያነጻጽሩት የ2008ቱን 19 ብር ከ68 እንዳለ ሳይሆን ከዚያ ወዲህ በመጣው የሸማቾች ዋጋ ለውጥ አባዝተው ነው። ጣሳውን ከመስፈርዎ በፊት ደግሞ ተቆልሎ ወይም ተጠርጎ እንዲሰፈር ይወስኑ፤ የጀመሩበትን እስከ ሰባተኛው ቀን አይለውጡ።