ልጁን ከእናቱ እቅፍ ሳናወጣ ካኑላ ማስገባት፦ እንዴት እንደሚሠራ

ሌሊት የልጆች ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ አንድ ሰው አለ። እናት፣ አያት፣ አንዳንዴ አባት። ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ካልሆነም መሬት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተጋደመ። ልጁ ሲያቃስት ከነርሷ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው።

ይህ በየአገሩ የነበረ ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የተኛ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። በሰር ሃሪ ፕላት የሚመራ ኮሚቴ «ወላጅ በፈለገው ሰዓት ይግባ፣ እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ትደር» ብሎ ያሳሰበው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ያለ ኮሚቴም አስታማሚ ነበረን።

የሚቆጨኝ ነገር ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ሥር ያደረች እናት፣ መርፌ ሲመጣ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» ትባላለች። ልጁ ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልጋት ሰዓት።

እኔም ብያለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ሳንባ ምች ይዞት የተኛ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱን አስወጣናትና ለአራት ሆነን አልጋው ላይ በጀርባው አጋደምነው። አንዱ እግሩን፣ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ እጁን ይዞ። ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭኑ ለስላሳ ቱቦ፣ ሦስቴ ወግቼው አልገባም፤ በአራተኛው ገባ። «እማዬ» እያለ ሲጮህ እናቱ በሩን ይዛ ታለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋወን ባየ ቁጥር ብርድ ልብሱ ውስጥ ይደበቃል። ሙቀቱን ለመለካት እንኳ አስቸገረን። ከሁሉ የባሰው፣ እናቱ ተመልሳ ስትገባ ፊቱን አዞረባት። «ምን አደረግኩት ሲስተር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። መተንፈስ የተቸገረን ልጅ በጀርባው አንጋሎ መጫን ራሱ አደጋ መሆኑ የገባኝ ደግሞ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ለወላጆችም ለአዳዲስ ነርሶችም ነው። መርፌውን የሚይዘው የሠለጠነ ሰው ነው። ልጁን ግን ከወላጁ የተሻለ የሚይዘው የለም።

1. ሥራው ከቤት ይጀምራል

«ካላረፍክ ሲስተሯ መርፌ ትወጋሃለች» አትበሉ። በጣም የለመድነው ማስፈራሪያ ነው፤ እኔም እየሰማሁት ነው ያደግኩት። በዚህ የተስፈራራ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ገና ሲገባ ጥፋተኛ ሆኖ ነው የሚገባው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ብዙዎቹ መታመምንም መወጋትንም እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት። አንዲት ልጅ ካኑላው ገብቶ ካለቀ በኋላ «ከእንግዲህ ወተቱን አልደፋም» ብላኛለች። እንዲህ ያለው ልጅ «ስላጠፋህ አይደለም፣ ስላመመህ ነው» የሚል ቃል በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እኔ አሁን ለሁሉም እላለሁ።

2. ከመወጋቱ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቤት ውስጥ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? ከዚህ በፊት ተወግቶ ያውቃል፣ ያኔ እንዴት ሆነ? የትኛውን ጣቱን ይጠባል? በየትኛው እጁ ይበላል?

የጣቱ ጥያቄ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ካኑላውን በሚጠባው እጁ ላይ ካስገባችሁት ራሱን የሚያባብልበትን ነገር ነጠቃችሁት ማለት ነው። ሌሊቱን ያለቅሳል፣ ፕላስተሩን በአፉ ይነቅላል፣ ጠዋት እንደገና ይወጋል። የደም ሥሩ እስከፈቀደ ድረስ ሌላውን እጅ ምረጡ።

ቀጥሎ እናትየዋን «አንቺ መያዝ ትችያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ይያዝልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ደም ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ እናቶች አሉ፤ ይህ ልጇን አለመውደድ አይደለም። አባት ይያዝ፣ አያት ትያዝ፣ አክስት ትያዝ። ወላጅን አስገድዶ ማስያዝም አስገድዶ እንደማስወጣት ያህል ስህተት ነው።

አንገቱ ላይ ማተብ፣ ክንዱ ላይ ክታብ ካለ ሳትጠይቁ በመቀስ አትቁረጡ። በሥራው መንገድ ላይ ከሆነ ለቤተሰቡ ንገሯቸው፤ ራሳቸው ያነሱታል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ይህን ያልጠየቀ ነርስ የዚያን ቤተሰብ እምነት መልሶ ለማግኘት ቀናት ይፈጅበታል።

3. ዕቃውን ልጁ ሳያይ አዘጋጁ

ካኑላ፣ ጓንት፣ አልኮልና ጥጥ፣ ማሰሪያ፣ በስሪንጅ የተሞላ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ አስቀድሞ የተቆረጠ ፕላስተር። ለጨቅላና ለትንሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቁጥር፣ ቢጫው ነው የሚሆነው። ተለቅ ላለው 22 ቁጥር፣ ሰማያዊው። ሁለት ካኑላ ያዙ። እጁን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ደገፋ ከጓንት ካርቶን ተቆርጦ በጎዝ ሲጠቀለል ከብዙ የተገዛ ዕቃ የተሻለ ይሠራል።

ፕላስተሩን ቀድማችሁ ቁረጡ ስል የምሬን ነው። ደም ሥሩ ተገኝቶ፣ ካኑላው ገብቶ፣ ፕላስተር ሲፈለግ ልጁ እጁን ነቅሎ ያወጣባቸው ቀናት ነበሩ።

ቦታውም ይታሰብበት። ከተቻለ አልጋው ላይ አትወጉት። አልጋው የሚተኛበት ነው፤ እዚያ ምንም እንደማይደርስበት ማመን አለበት። የተለየ ክፍል በሌለበት ዋርድ እኔ ወንበር መስኮቱ አጠገብ አደርግና መጋረጃ እጋርዳለሁ። ብርሃኑም ያግዛል።

የሚያደነዝዝ ቅባት ካላችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መቀባት አለበት። ቀብቶ ወዲያው መውጋት ቅባቱን ማባከን ነው።

4. እውነቱን ንገሩት

«አያምም» አትበሉ። ያማል። አንዴ ከዋሻችሁት ቀጥሎ የምትነግሩትን አንዱንም አያምናችሁም፤ «ይህ ሽሮፕ ጣፋጭ ነው» ያላችሁትንም ጨምሮ። እኔ የምለው «ቁንጥጫ ይመስላል፤ ከዚያ መርፌው ይወጣና ለስላሳው ቱቦ ብቻ ይቀራል» ነው። እውነት ነው፤ ውስጥ የሚቀረው ቱቦው ብቻ ነው። ብዙ ልጆች መርፌው እጃቸው ውስጥ የቀረ ስለሚመስላቸው ለቀናት እጃቸውን ማንቀሳቀስ ይፈራሉ።

መቼ ነው የሚነገረው? ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ልክ ከመወጋቱ በፊት። ጠዋት ተነግሮት ከሰዓት ከተወጋ ቀኑን ሙሉ ሲፈራ ይውላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይጠይቃል፣ ካኑላውን ያለ መርፌው በእጁ መንካት ይፈልጋል። ይንካ።

ምርጫ ስጡት፤ እውነተኛ ምርጫ ግን ይሁን። «ካኑላ ይግባልህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «አይ» ካለ ምን ልትሉ ነው? «እያየህ ወይስ ወደ እማዬ ዞረህ?» ይባላል።

5. አያያዙ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። እኔ ለመማር ዓመታት የፈጀብኝ ይህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ከአንድ ዓመት ገደማ በላይ ላለ ልጅ፦ እናትየዋ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ ትቀመጥ። ልጁን ፊት ለፊቷ፣ ደረት ለደረት አድርጋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠው። እግሮቹ በግራና በቀኟ ወገቧን አቅፈው ይውጡ። የማይወጋው እጁ በብብቷ ሥር አልፎ ወደ ጀርባዋ ይሂድ። ክንዷን ጠጋ ስታደርግ ያ እጅ ሳይጎዳ ተይዞ ይቀራል። በሌላ ክንዷ ጀርባውን ታቅፈው። ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ያርፋል።

የሚወጋው እጅ በጎኗ በኩል ወጥቶ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እዚህ ላይ አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ረዳቱ የሚይዘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ከክርኑ በላይና የእጁን አንጓ። አራት ሰው አያስፈልግም። እኔ ያን ቀን አራት ሰው ያስፈለገኝ ልጁ ጠንካራ ስለነበር አልነበረም፤ ፈርቶ ስለነበር ነው። የፈራ ልጅ ጉልበቱ ሌላ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እናትየዋን «ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» በማለት ነው። ያኔ ደረቱን ትጫነዋለች፤ እሱም የታፈነ ስለሚመስለው ይታገላል። ይልቅ «እንደምታስተኚው እቀፊው» በሏት። ይህን ዓረፍተ ነገር ካገኘሁ ወዲህ ሌላ መመሪያ አላስፈለገኝም። ትከሻዋ ይወርዳል፣ ትንፋሿ ይረጋጋል፣ የልጁም ትንፋሽ ተከትሎ ይረጋጋል። ወንበሩ አጠገብ ቆማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፦ ተጨብጦ የነበረው ትንሽ እጅ ቀስ ብሎ ይከፈታል።

ይህ አቀማመጥ ልጁን ቀና አድርጎ ስለሚይዝ ሳል ላለበትና ትንፋሽ ለሚያጥረው ልጅም ይመቻል። ሆኖም ሁልጊዜ አንድ ሰው ፊቱን ማየት አለበት። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም በድንገት ከዛለ ሥራው ይቁም።

ለጨቅላ ደግሞ ነጠላ አለን። አንዷን እጅ ብቻ ውጪ ትታችሁ በነጠላ ጠቅልሉትና እናቱ ትቀፈው። የሚጠባ ከሆነ ይጥባ። ከመርፌው በፊት በደንብ መጥባት ይጀምርና እየጠባ ይወጋ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ውስጥ መታቀፍና ማጥባት ሁለቱም አሉበት። ስለዚህ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ስትሄዱም ይህንኑ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአፍ ምንም እንዳይወስድ የታዘዘ፣ አንቀጥቅጦት የነበረ ወይም በከባዱ የሚተነፍስ ሕፃን ግን አይጥባ፤ እቅፉ ብቻ ይበቃዋል።

6. መውጋት

እጁ ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ አሙቁት፤ ደም ሥሩ ይወጣል። ከዚያ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚሻለው ደግሞ እናቱ ናት። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «አይዞህ! አለቀ! ጎበዝ!» ሲል ለልጁ ጩኸት ነው። «በሦስት እወጋለሁ» ካላችሁ በሦስት ውጉ። በሁለት ወግቶ ማታለል ቀጣዩን ቀን ያበላሻል።

ሁለቴ ሞክሬ ካልሆነልኝ አቆማለሁ። ይህ የራሴ ሕግ ነው፤ ከዚያ የሦስት ዓመት ልጅ በኋላ ያወጣሁት። ሌላ ሰው እጠራለሁ፣ ለቤተሰቡም «አልሆነልኝም፣ የተሻለ ሰው ልጥራ» እላለሁ። ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ልጁ ራሱን ስቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ወይም ሰውነቱ ፈሳሽ ጨርሶ ከመጣ ግን እስከ አሁን ያልኩትን ሁሉ አስቀድማችሁ አትጠብቁ። ያኔ ፍጥነት ነው ነፍስ የሚያድነው። ቢሆንም እናትየዋ ራስጌው ላይ መቆም ትችላለች፤ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ እየተደረገ ያለውን ይንገራት።

7. ከተወጋ በኋላ

ወዲያው ለእናቱ መልሱት፤ ይልቁንም ከእቅፏ አታውጡት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉ። ያልቅስ። ሕፃን ሕመሙን በቃል ስለማይነግረን እኛ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት ዝም ማለቱን አይተን ከ0 እስከ 10 ነጥብ እንሰጣለን። እናትየዋ «ይህ የሕመም ለቅሶው ነው» ካለች ግን ከነጥቤ እሷን አምናለሁ።

ለቤተሰቡ ይህን አሳዩአቸው፦ ካኑላው ያለበት ቦታ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ፕላስተሩ ከራሰ ወይም ልጁ መድኃኒት ሲሰጠው ከጮኸ ወዲያው ይጥሩን። ሌሊትም ቢሆን። የግሉኮሱን መዘውር ግን ማንም አይንካ፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ማፍጠን ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ካርዱ ላይ ጻፉ። ካኑላው የገባበትን ሰዓትና ቦታ ሁሉም ይጽፋል። እኔ ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር እጨምራለሁ፤ ሌሊት የሚገባው ነርስ እንዲያነበው። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ቤት ውስጥ ኩኩ ይሏታል። የቀኝ አውራ ጣቷን ትጠባለች፣ ካኑላው ግራ ላይ ነው። አያቷ ይያዟት፤ እናቷ ደም ማየት አትችልም። ፊቷን አታዞርም፣ እያየች ነው የምትወጋው።»