ቪኤይታችሁን ለበጎ አድራጎት ልትሰጡ ነው? መጀመሪያ ናፍጣውን ማን እንደሚሞላ ጠይቁ

አጎቴ እዚህ ጅማ ቡና ነጋዴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ላንድክሩዘር ቪኤይቱን ሕፃናት ለሚያሳድግ አንድ ማኅበር ሰጠ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ብሄድ መኪናው ግቢው ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆሟል። ባትሪው ሞቷል፣ አንዱ ጎማ ተንፍሷል፣ ኮፋኖው ላይ ዶሮ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች።

ማንም አላጠፋም። ማኅበሩ መኪናውን የሚያንቀሳቅስበት ገንዘብ አልነበረውም፣ በቃ። ባለ 4.5 ሊትሩ የናፍጣ ቪኤይት 8 ሲሊንደር ነው፣ ሁለት ሰልባትዮ (የነዳጅ ጋን) ያለው ደግሞ 138 ሊትር ይይዛል። ሊትሩን በዛሬው የናፍጣ ዋጋ አባዙትና አንዴ ፉል ለማድረግ የሚወጣው ብር ለልጆቹ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሚገዛ አስቡት። ኢንሹራንሱ፣ የዓመት ምርመራው፣ የሹፌር ደሞዙ፣ ጎማው ገና አልተቆጠረም። ሂርማታ ገበያ ደርሶ ሽንኩርት ይዞ ለመመለስ ባጃጅ ይበቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት አይደለም፣ ወሬ ነው። ሂዱና ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መኪናው ምን ይሠራላችኋል? ማን ይነዳዋል? ናፍጣው ከየትኛው በጀት? ሥራቸው ጌራ ወይም ሊሙ ገጠር ውስጥ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ባጃጅም ሚኒባስም በማያስገባበት መንገድ የሚመላለሱ ከሆነ፣ ፎርዊል በእውነት ያስፈልጋቸዋል፣ ስጡ። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሸጣችሁ ብሩን ስጧቸው፣ ወይም ራሳቸው እንዲሸጡት ስጧቸው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደህና የተያዘ ያገለገለ መኪና ገዢ አያጣም። እኔን ብትጠይቁኝ መሸጡ ይሻላል። ፎቶው ላይ ላያምር ይችላል እንጂ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ማኅበሩ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገቡ አሉ፣ በክልል ደረጃ የተመዘገቡም አሉ። የምዝገባ ሰርተፊኬታቸውን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ስጦታውን ለመቀበል የወሰኑበትን ቃለ ጉባኤም ጠይቁ፣ የሚፈርመው ሰው ሥልጣን እንዳለው የምታውቁት በሱ ነው።

ከዚያ ሊብሬያችሁን አውጡና ከመኪናው ጋር አስተያዩት። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አንድ በአንድ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ መኪና ብዙ ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ ካለበት መጀመሪያ አስነሡ። በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ጉምሩክ ሳይጨርስ ስም አይዞርም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። ታርጋው አአ ከሆነም ፋይሉ ያለው አዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ አንድ ወረቀት ጎድሎ ከመመለስ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ያገባችሁ ከሆነ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የጋራ ንብረት በስጦታ ሲተላለፍ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ያላገባ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። የስጦታ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል፣ በሱ የስም ዝውውሩ ይሠራል።

«ለጊዜው ውክልና ልስጣቸው፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» የሚል ደላላ ወይም ወዳጅ ካለ እሺ አትበሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። መኪናው ሰኮሩ ከተማ ላይ ሰው ቢገጭ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእናንተ ከሆነ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ አጎቴ ውል ልመለስ። «መኪናው አይሸጥም፣ ለሌላ አይተላለፍም» የሚል አንቀጽ አስገብቶ ነበር። በደግነት ነው፣ ለልጆቹ ይቆይ ብሎ። ማኅበሩ መንዳትም መሸጥም ሳይችል ሰባት ወር ሙሉ ዶሮ አሳረፈበት። በመጨረሻ አጎቴ ራሱ ተመልሶ ሌላ ውል ፈረመ። እናንተ ከመጀመሪያው በግልጽ አጽፉት፦ ለሥራቸው ሊጠቀሙበት፣ ካልጠቀማቸው ሸጠው ገንዘቡን ለዓላማቸው ሊያውሉት ይችላሉ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ይንገሩን ማለት ትችላላችሁ፣ ከዚያ በላይ ገደብ አታብዙባቸው።

ነጋዴ ከሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የሒሳብ ባለሙያችሁን አማክሩ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። መካኒክ አሳዩት፣ ያለበትን ችግርም ደብቃችሁ አትስጡ። የፍሬን ሸራው ካለቀ ቀይሩት፣ ወይ ደግሞ አልቋል በሉ።

የርክክቡ ቀን ስኮርታውና (ትርፍ ጎማውና) ክሪኩ መኖሩን እዩ፣ የክሩስኮቱን (የዳሽቦርዱን) ኪስ አራግፉ። ቁልፉን ሁለቱንም ስጡ። አጎቴ አንዱን ረስቶት ነበር። መኪናው ተሽጦ ከሄደ ቆየ፣ ቁልፉ ግን ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ነው። ባየው ቁጥር «ለማን ልስጠው?» ይለኛል።