ተማሪ በአንድ ቃል ብቻ ሲመልስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ «ገባችሁ?» ስትሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ በማግስቱ ሲጠየቅ የሚመልስ የለም።

«አዎ» መደበቂያ ነው፤ ያልገባውም ልጅ አብሮ ይጮኻል። ይህን ጥያቄ ተዉትና «ዛሬ ለቀረው ጓደኛህ እንዴት ታስረዳዋለህ?» በሉ።

ምልክት፦ መልሱ አንድ ቃል ሆኖ ያልቃል።

መንስኤ፦ የጠየቅነው ስም ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር «ጣናን የወረረው አረም ምን ይባላል?» አልኩ። «እምቦጭ!» አሉ፤ አለቀ። የሐይቁ ዳር ልጆች ናቸው፤ ስሙንማ ማን ያጣዋል?

መፍትሄ፦ በማግስቱ አንድ እምቦጭ ነቅዬ ይዤ ገባሁ (ዘሩ እንዳይዛመት ያላበበውን መርጬ፣ ሲያበቃም አድርቄ አቃጥዬዋለሁ)። እብጥ ያለውን የቅጠሉን አገዳ በምላጭ ሰንጥቄ «ይህ ለምን አይሰምጥም? የምታዩትን እያሳያችሁ ንገሩኝ» አልኩ። አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ በጣቷ ጫን አደረገችው። «ውስጡ ስፖንጅ ይመስላል... አየር ይዟል» አለችና ትንሽ ቆይታ «የታንኳው ደንገልም እንዲህ ነው፤ ለዚያ ነው የሚንሳፈፈው!» አለች። የጣና ታንኳ የሚሠራበትን ይህን ተክል፣ ደንገልን፣ እኔ አላነሳሁትም።

ምልክት፦ ሁልጊዜ እጅ የሚያወጡት ያው ሦስት ልጆች ናቸው።

መንስኤ፦ ችኮላችን። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ጥበቃው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሱ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ።

መፍትሄ፦ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ዝምታው ሥራ የፈታችሁ ያስመስላችኋል። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ከሆነ መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፣ ከዴስክ ጓደኛቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያ ስም ጥሩ።

ምልክት፦ ልጁ ጥሩ ጀምሮ ያቆማል።

መንስኤ፦ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ብለን ዘለን እንገባለን። ጭብጨባ መልሱ እንዳለቀ ይነግረዋል።

መፍትሄ፦ ከመልሱ በኋላም ጠብቁ፤ ቀጥሎም «እንዴት አወቅህ?» በሉ። ይህን ግን ለትክክለኛው መልስም ጠይቁ፤ ለስህተት ብቻ ከሆነ ልጆቹ ጥያቄውን እንደ «ተሳስተሃል» ይሰሙታል።

ምልክት፦ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ዳግም አይናገርም።

ሳቁን ወዲያው አስቁሙ። ከመልሱ ውስጥ ትክክል የሆነውን ክፍል ሰሌዳ ላይ ጻፉለት፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ትምህርቱን ከዚያው ከእሱ ሐሳብ ጀምሩት።