ያልተተረጎመ ጽሑፍ ባዶ ሆኖ እንዳይወጣ

ድረ ገጻችሁ በብዙ ቋንቋ ይሠራል፤ ያልተተረጎመው ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ይወጣል? በኮድ «ይህ ከሌለ ያንን» እያላችሁ አትድከሙ፣ ዳታቤዙ ይሥራው። ትርጉሞቹን ለብቻቸው በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ለአንድ ጽሑፍ በየቋንቋው አንድ ረድፍ። ሠንጠረዡን ከጽሑፎቹ ዋና ሠንጠረዥ ጋር ሁለት ጊዜ በሌፍት ጆይን (LEFT JOIN፣ ተጓዳኝ ባይገኝም የዋናውን ረድፍ የሚያስቀር የኤስኪውኤል ማገናኛ) አገናኙት፦ አንዴ በተጠቃሚው ቋንቋ፣ አንዴ በዋናው። ሁለቱን ትርጉሞች ኮአለስ (COALESCE) ለሚባለው የዳታቤዝ ተግባር ስጡት። ነል (NULL፣ ማለትም ዋጋ የሌለው) ያልሆነውን የመጀመሪያ ዋጋ ስለሚመልስ፣ ፈረንሳይኛው ከሌለ እንግሊዝኛው ይመጣል።

አደራ፣ የቋንቋውን ማጣሪያ ዌር (WHERE፣ የመጨረሻውን ውጤት የሚያጣራው ክፍል) ላይ ሳይሆን ኦን (ON፣ የማገናኛው ሁኔታ) ላይ ጻፉት። ዌር ላይ ከገባ ትርጉም የሌለው ረድፍ ጭራሽ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በአብዛኞቹ ዳታቤዞች ባዶ ስትሪንግ ነል ስላልሆነ፣ አስቀድማችሁ በነልኢፍ (NULLIF) ተግባር ወደ ነል ቀይሩት።

ተጠቃሚው «ተስማምቻለሁ» የሚልበት ውል ላይ ግን ይህን ዘዴ አትጠቀሙ። እዚያ ትርጉሙ ከሌለ ገጹ ባይከፈት ይሻላል።